የሰደፍ ትራስ ከጠመንጃ ላይ ሳይበላሽ ስለሚነሣበት አሠራር

ጠመንጃ ለባሕል ተመራማሪ ሁለት ጊዜ የተሠራ ዕቃ ነው። በመጀመሪያ በፋብሪካ ይሠራል፤ ከዚያም አንዱ ከሌላው ሳይለይ በብዙ ሺሕ እየተቈጠረ ይወጣል። ሁለተኛ የሚሠራው በባለቤቱ እጅ ነው። ባለቤቱ ማንገቻውን ይለውጣል፤ የተሰነጠቀውን እንጨት በጠፍር ያስራል፤ ስሙን ወይም ምልክቱን ይቀርጽበታል፤ ለክንዱ የረዘመበትን ያሳጥራል፤ ያጠረበትንም ያስረዝማል። ስለዚህ የጠመንጃውን የትውልድ አገር ለማወቅ የፋብሪካውን ማኅተም ማንበብ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ የኖረበትን ቤትና የተሸከመውን ሰው ለማወቅ ግን በኋላ የተጨመረበትንና ከላዩ የተቀነሰውን መመርመር ግድ ይሆናል።

በኋላ ከሚጨመሩት ነገሮች አንዱ በሰደፉ ጫፍ፥ ትከሻን በሚነካው ፊት ላይ የሚደረገው ለስላሳ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከጎማ፥ አንዳንድ ጊዜም በውስጡ ሱፍ ወይም ስፖንጅ ከታጨቀበት ቆዳ ይሠራል። ሥራው በትከሻና በጠንካራው ሰደፍ መካከል ሆኖ ማለስለስ ስለ ሆነ፥ በዚህ ጽሑፍ የሰደፍ ትራስ ተብሎ ይጠራል። ጥንታዊ መሣሪያ ከሚሰበስቡት ሰዎች አንዳንዶቹ ይህን ትራስ እንደ ባዕድ ነገር ይቈጥሩትና ጠመንጃውን ወደ ቀድሞ መልኩ ለመመለስ ሲሉ በቢላዋ ቈርጠው ይጥሉታል። ነገር ግን ትራሱ ራሱ ምስክር ነው፤ በሥሩ የሸፈነውም ሌላ ምስክር ነው። አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ ሁለቱንም መስማት የሚቻለው ትራሱ ሳይበላሽ ተነሥቶ እንደ ነበረ ሊመለስ ሲችል ብቻ ነው። የሚከተለው ማብራሪያ ይህ እንዴት እንደሚደረግ፥ እንዲሁም መቼ ሊደረግ እንደማይገባው ያስረዳል።

፩. ስለ ትራሱ ጥቅም

ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ደነገገው፥ ማንኛውም ግፊት መጠኑ እኩል፥ አቅጣጫው ግን ተቃራኒ የሆነ ሌላ ግፊት አለው። አረሩ ወደ ፊት ሲወረወር ጠመንጃው ወደ ኋላ የሚገፋው ስለዚህ ነው። ለምሳሌ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች የእንግሊዝ ሠራዊት የተዋጋበት ሊ-ኤንፊልድ የተባለው ጠመንጃ፥ ማርክ 7 በተባለው ጥይቱ 11.3 ግራም የሚመዝን አረር በሰኮንድ 744 ሜትር ያህል ፍጥነት ይወረውራል። የአረሩና የባሩዱ ጋዝ ግፊት ተደምሮ፥ 4 ኪሎግራም ያህል የሚመዝነውን ጠመንጃ በሰኮንድ 3 ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በዚህ ጊዜ በትከሻ ላይ የሚያርፈው ጉልበት አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ነገር ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚኖረው ጉልበት ጋር ይቀራረባል።

ትራሱ ይህን ጉልበት አያጠፋውም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ጠመንጃው እስኪቆም ድረስ የሚሄድበትን ርቀት ማስረዘምና ጫናውን በሰፊ ቦታ ላይ መበተን ነው። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ጊዜ በትከሻ ላይ የሚያርፈው አማካይ ጫና በግማሽ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ጥቅም ለተመራማሪ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ይኸውም ልክ ነው። ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርዝመት ለጐልማሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ33 እስከ 36 ሳንቲሜትር ይሆናል። ይህ ርዝመት ከተኳሹ ክንድና አንገት፥ ከትከሻውም ስፋት ጋር መስማማት አለበት። ልብስም ይቈጠራል፤ ጋቢ የደረበ ወይም ወፍራም ካፖርት የለበሰ ሰው በሸሚዝ ብቻ ሆኖ የሚስማማው ጠመንጃ ይረዝምበታል። የትራሱ ውፍረት በአብዛኛው ከ1.5 እስከ 2.5 ሳንቲሜትር ስለሚደርስ፥ ትራስ የተጨመረለት ጠመንጃ ልብስ በባለቤቱ ልክ እንደሚሰፋ ሁሉ ለአንድ ሰው በልኩ የተሰፋ ማለት ነው።

፪. ትራሱ ምን እንደሚሸፍን

በኢትዮጵያ የታወቁት የቀድሞ ጠመንጆች ከፋብሪካ የወጡት በሰደፋቸው ጫፍ ላይ የብረት ወይም የነሐስ ሽፋን ተደርጎላቸው ነው። በ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ዘመቻ የእንግሊዝ ጦር ይዞት የመጣውና ሕዝቡ ሰናድር ያለው፥ ከፈረንሳዮቹ ፉዚል ግራ ስሙን ያገኘው ውጅግራ፥ እንዲሁም ከማንሊኸር ስም የተወረሰው ምንሽር ሁሉ እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ ከእነዚህ በአንዱ ላይ የጎማ ትራስ ቢገኝ በኋላ የተጨመረ መሆኑ አያጠራጥርም።

ከላይ የተጠቀሰው ሊ-ኤንፊልድ፥ በ1933 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ አርበኞች ጐን ተሰልፎ የገባው የእንግሊዝ ጦር ዋና ጠመንጃ ነበረ፤ ለዚህ ጥናትም ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። የሰደፉ ሽፋን በአብዛኛው ከነሐስ ሲሆን በመካከሉ ትንሽ መዝጊያ አለው። መዝጊያው ሲከፈት የዘይት ጠርሙስና የአፈ ሙዝ መጥረጊያ ገመድ የሚቀመጥበት ጕድጓድ ይታያል። ሰደፉን ከጠመንጃው አካል ጋር የሚያያይዘው ረጅም ብሎንም የሚፈታው በዚሁ ጕድጓድ በኩል ነው። ከዚህም ሌላ ሠራዊቱ የሰደፉን ርዝመት በወታደሩ ቁመት ልክ ይለያይ ስለ ነበር፥ አጭሩ ኤስ፥ ረጅሙ ኤል፥ ከሁሉ ያጠረው ቢ በተባሉት የላቲን ፊደላት ይታወቅ ነበር። የአንዱና የሌላው ልዩነት ግማሽ ኢንች፥ ማለት 1.3 ሳንቲሜትር ያህል ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ የዚህ ዓይነት ጠመንጆች ለሲቪል ሰዎች ተሸጠው ወደ አደን መሣሪያነት ተለወጡ። የነሐሱ ሽፋን ወጥቶ በምትኩ የጎማ ትራስ ተደረገ፤ አንዳንድ ጊዜም እንጨቱ በመጋዝ ተቈረጠ። በእንዲህ ያለው ጠመንጃ ላይ ጕድጓዱ፥ ረጅሙ ብሎንና የመጋዙ ፈለግ ሁሉ ከትራሱ ሥር ተሸፍነው ይቀራሉ። ትራሱ ካልተነሣ ሰደፉን መፍታትም አይቻልም።

፫. አስቀድሞ ሊደረግ የሚገባው

ከሁሉ አስቀድሞ ጠመንጃው ጥይት የሌለበት መሆኑ ይረጋገጣል። ዘጊው ይከፈታል፤ ካዝናው ይወጣል ወይም ይራገፋል፤ የጥይቱ ማደሪያ በዐይን ከታየ በኋላ በጣት ይዳሰሳል። ጥይት በሥራው ክፍል ውስጥ ፈጽሞ እንዲገኝ አይፈቀድም። ከሃምሳ ዓመት በላይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረ ጠመንጃ ባዶ ነው ብሎ መገመት ሰውን ለሞት የሚያበቃ ስሕተት ነው።

ቀጥሎ ጠመንጃው እንዳለ ይመዘገባል። ከኋላ፥ ከሁለቱ ጐኖች፥ ከላይና ከታች ፎቶግራፍ ይነሣል። ከምላጩ እስከ ትራሱ ጫፍ፥ ከምላጩም እስከ እንጨቱ መጨረሻ ያለው ርዝመት ለየብቻው ይለካል። ትራሱ ከእንጨቱ ጠርዝ ያለፈበት ወይም የጐደለበት ቦታ ይጻፋል፤ ይህ ነገር ትራሱ ለዚያው ሰደፍ የተሞረደ ወይም ከሌላ ጠመንጃ የመጣ መሆኑን ያመለክታልና።

በሦስተኛ ደረጃ ትራሱ በምን እንደ ተያያዘ ይመረመራል። አያያዙም አራት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ጫማ የሚጠለቅ ነው፤ ከንፈሩ የእንጨቱን ጐን ስለሚሸፍን ወዲያው ይታወቃል። ከጠመንጃ ቦምብ የሚተኵሱ ወታደሮች የሚያደርጉት ትራስ ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው በክር ወይም በጠፍር የታሰረ ቆዳ ነው። ሦስተኛው በሁለት ብሎኖች የተያዘ፥ አራተኛው በሙጫ የተጣበቀ ነው። ብሎንና ሙጫ አብረው የሚገኙበትም ጊዜ ብዙ ነው። ትራስ የሚበላሽበት ዋናው ምክንያት የጉልበት ማነስ ወይም የመሣሪያ ጕድለት አይደለም፤ የያዘው ነገር ሳይታወቅ መጐተቱ ነው።

፬. የሚጠለቀውና የሚታሰረው

የሚጠለቀው ትራስ ከኋላው ተይዞ አይጐተትም፤ እንዲህ ቢደረግ ከንፈሩ ይቀደዳል። ከንፈሩ ከላይኛው ማዕዘን ጀምሮ በጣት ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ከቫርኒሹ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ቀጭን ወረቀት በመካከሉ እየገባ፥ ጥቂት የታልክ ዱቄት እየተነሰነሰበት ዙሪያው ይላቀቃል።

በክር የታሰረው ቆዳ ከመፈታቱ በፊት የክሩ አካሄድና የቋጠሮው ዓይነት ይሣላል፤ ቋጠሮ የእጅ ሥራ ልማድን የሚያሳይ ነገር ነውና። ክሩ አይቈረጥም። ነገር ግን ቆዳው ሳይለፋ፥ እርጥብ ሳለ ተሰፍቶ በእንጨቱ ላይ የደረቀ ከሆነ፥ ሲደርቅ ተኰማትሮ ስለ ያዘ በደኅና አይወጣም። ውሃ አርከፍክፎ ማለስለስም አይገባም፤ ቆዳው ቅርጹን ያጣል፤ እንጨቱም ያብጣል። እንዲህ ያለው ቆዳ ባለበት ይተዋል።

፭. በብሎን የተያዘው

በብሎን በተያዘው ትራስ ላይ ብሎኖቹ ከውጭ አይታዩም። ጎማው በጠባብ ቀዳዳ ወይም በስንጥቅ በኩል እንዲገቡ ካደረገ በኋላ በመለጠጥ ባሕርዩ ተመልሶ ስለሚገጥም፥ የሚቀረው ምልክት እንደ ጭረት የቀጠነ ነው። ምልክቱ በጐን በኩል በሚበራ መብራት ይፈለጋል፤ በአውራ ጣት ሲጫኑትም በዚያ ቦታ ያለው ጎማ ከሌላው ይልቅ ይሰረጕዳል። ሁለቱ ብሎኖች በትራሱ መካከለኛ መሥመር ላይ፥ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ይገኛሉ። የብሎኑ ራስ አንድ ጭረት ያለው ወይም የመስቀል ቅርጽ ያለው መሆኑ ጫፉ በዶለዶመ ቀጭን እንጨት ተዳስሶ ይታወቃል።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ካቻቢቴ ዘንጉ ክብና ልስልስ የሆነ፥ ጫፉም ከብሎኑ ራስ ስፋት የማያልፍ ነው። የካቻቢቴው ማዕዘኖች ስለት ካላቸው በብርጭቆ ወረቀት ይደንዛሉ፤ አለዚያ ሲገባም ሲዞርም ጎማውን እንደ ቢላዋ ይቈርጡታል። ዘንጉ በጥቂት የሳሙና ውሃ ይረጥባል። የማሽን ዘይት፥ ግራሶና ቫዝሊን አይደረግም፤ ከነዳጅ ዘይት የሚወጡ ቅባቶች የተፈጥሮ ጎማን ያሳብጡታልና።

ካቻቢቴው በቀጥታ ገብቶ የብሎኑን ጭረት ካገኘ በኋላ ወደ ግራ ይዞራል። ብሎኑ ዝጎ እንቢ ካለ በመጀመሪያ እጅግ ጥቂት ወደ ቀኝ ይጠብቃል፤ ዝገቱ ከተሰበረ በኋላ ወደ ግራ ይመለሳል። ሁለቱ ብሎኖች ተራ በተራ ትንሽ ትንሽ ይላላሉ፤ አንዱ ብቻ ተፈትቶ ቢያልቅ ትራሱ ጠምዝዞ ሌላውን ያጐብጠዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። የላላው ብሎን በገባበት ስንጥቅ ተመልሶ እንዲወጣ በፒንሳ ይጐተታል፤ የብሎኑ ራስ ከስንጥቁ ስለሚሰፋም ጎማውን ቀዶት ይወጣል። ይህ አስፈላጊ አይደለም። ብሎኖቹ እንጨቱን ከለቀቁ፥ በትራሱ ውስጥ እንዳሉ ትራሱ አብሮ ይነሣል።

፮. በሙጫ የተጣበቀው

ብሎኖቹ ከእንጨቱ ወጥተው ትራሱ ካልተነቃነቀ ሙጫ አለ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት ነገሮች መታወስ አለባቸው። የመጀመሪያው የትራሱ አሠራር ነው። ብዙዎቹ ትራሶች ከለስላሳው ጎማ ሥር ጠንካራ መሠረት አላቸው፤ መለያየት ያለበት ከመሠረቱና ከእንጨቱ መካከል እንጂ ከጎማውና ከመሠረቱ መካከል አይደለም። ሁለተኛው የእንጨቱ ባሕርይ ነው። በሰደፉ የታችኛው ማዕዘን የእንጨቱ ጭረት አጭር ሆኖ ስለሚያልቅ፥ ከዚያ በኩል የሚደረግ ማንኛውም ፍልቀቃ ማዕዘኑን ይሰብረዋል።

ስለዚህ ሥራው ከሁለቱ ጐኖች ወደ መካከል ይካሄዳል። ጠመንጃው በሞርሳ የሚያዝ ከሆነ የሞርሳው መንጋጋ በወፍራም ጨርቅ ይሸፈናል። መገናኛው ለብ ባለ አየር ቀስ ብሎ ይሞቃል። ብዙዎቹ ተራ የኤፖክሲ ሙጫዎች ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቃረቡ መለስለስ ይጀምራሉ፤ ይሁን እንጂ ሼላክ የተባለው ጥንታዊ ቫርኒሽም ከዚህ ብዙ ሳይርቅ ይለሰልሳልና ሙቀቱ በዚህ መጠን መወሰን አለበት። ከዚያ በኋላ ከአጥንት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ስስ መላቀቂያ ይገባል፤ ወይም ጠንካራ የናይለን ክር በመገናኛው ላይ ወዲያና ወዲህ እየተሳበ ሙጫውን እንደ መጋዝ ይቈርጠዋል። ሥራው አንድ ቀን ሙሉ ቢፈጅ የሚያስገርም አይደለም። አልኮልና አሴቶን አይነኩትም፤ ሙጫውን ከመፍታታቸው በፊት ቫርኒሹን ይገፉታልና።

፯. መቼ መተው እንደሚገባ

ጉድዪር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር በማሞቅ የማጠንከርን ዘዴ ካገኘ ወዲህ ጎማ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ሆኗል፤ ዘላለማዊ ግን አይደለም። ኦክሲጅን፥ ኦዞን፥ ብርሃንና ሙቀት ቀስ በቀስ ይለውጡታል። አንዱ እንደ ማር ይጣበቃል፤ ሌላው እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል። በጥፍር ቀስ ብሎ ሲጫኑት የማይመለስ፥ ወይም ጠርዙ የሚፈረፈር ጎማ ካቻቢቴ ሲገባበት ይፈነዳል። እንዲህ ያለው ትራስ አይነሣም። ከሥሩ ያለው ነገር በጣም የሚፈለግ ከሆነ በራጅ ሊታይ ይችላል፤ ብሎኖቹ፥ የቀድሞው ሽፋን ቀዳዳዎችና ጕድጓዱ ሁሉ በራጅ ይለያሉ። ያልተነሣ ትራስ ነገም ሊነሣ ይችላል፤ የተፈረፈረ ግን አይመለስም።

፰. ከትራሱ ሥር ስለሚነበበው

ትራሱ በደኅና ከተነሣ በኋላ የተገለጠው እንጨት ሳይጠረግ ይመረመራል። ትራሱ የሸፈነው ፊት ከብርሃንና ከእጅ ወዝ ስለ ተጠበቀ የቀድሞውን የእንጨት ቀለም ይዞ ይገኛል። የቀድሞው ሽፋን ሁለት የብሎን ቀዳዳዎች ካሉ እንጨቱ አልተቈረጠም ወይም በጥቂቱ ብቻ ተላግቷል። ቀዳዳዎቹ ከጠፉ፥ የመጋዝም ፈለግ ከታየ ተቈርጧል።

የምርመራው ፍሬ የሚገኘው እነዚህ ምልክቶች በመጀመሪያ ከተለካው ርዝመት ጋር ሲተያዩ ነው። እንጨቱ ሳይቈረጥ ትራስ ከተጨመረ ጠመንጃው ረዝሟል፤ ስለዚህ የፋብሪካው ልክ ያጠረበት፥ ክንደ ረጅም ሰው ይዞታል ማለት ይቻላል። እንጨቱ በትራሱ ውፍረት ልክ ተቈርጦ ከሆነ ርዝመቱ አልተለወጠም፤ ባለቤቱ የፈለገው ልስላሴን እንጂ ርዝመትን አይደለም፤ ምናልባት ትከሻው የታመመ ወይም ዕድሜው የገፋ ይሆናል። ከትራሱ ውፍረት ይልቅ ብዙ ተቈርጦ ከሆነ ደግሞ ጠመንጃው ለአጭር ሰው ወይም ለልጅ ተስማምቷል። ሁለት ዓይነት ቀዳዳዎች ተደራርበው ሲገኙም ጠመንጃው ቢያንስ ሁለት ጊዜ ልኩ የተለወጠለት፥ ምናልባትም ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ መሆኑን ለመጠየቅ ያበቃሉ። እንዲህ ያለው ግምት ከቤተ ሰቡ ቃል ጋር መመሳከር አለበት፤ ዕቃው ጥያቄውን ያነሣል፥ ሰው ይመልሰዋል።

ትራሱን በቢላዋ ቈርጦ የጣለ ሰው እንጨቱን ሊያይ ይችላል። ነገር ግን የትራሱን ውፍረት ስላጠፋ የመጨረሻው ባለቤት ልክ ምን እንደ ነበር ከእንግዲህ ሊያሰላ አይችልም። ከእኩልታው ሁለት ቍጥሮች አንዱ ጠፍቷልና።

፱. ስለ አቀማመጡና ስለ መመለሱ

የተነሣው ትራስ ብሎኖቹን እንደ ያዘ፥ የላይኛውና የታችኛው ተለይቶ ተጽፎበት፥ አሲድ በሌለው ወረቀት ተጠቅልሎ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል እንጂ አይታሰርም፤ የታሰረበትን ቅርጽ ይዞ ይቀራልና። ከብር ጌጥም ይርቃል። በድኝ የተሠራ ጎማ የሚያወጣው ትነት ብርን ስለሚያጠቁር፥ ብር የተለበጠበት ጋሻ ወይም የብር ጌጥ ያለው ጐራዴ ከጎማ ትራስ ጋር በአንድ የመስታወት ሣጥን ውስጥ መቀመጥ የለበትም።

ትራሱ ወደ ቦታው ሲመለስ ያለ ሙጫ፥ በራሱ ብሎኖችና በራሳቸው ቀዳዳዎች ይመለሳል። ብሎኑ ወደ ቀኝ ከመዞሩ በፊት ቀስ ብሎ ወደ ግራ ይዞራል፤ በቀድሞው ጥርስ ውስጥ ሲገባ ትንሽ ዝቅ ሲል በእጅ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ወደ ቀኝ ቢዞር አዲስ ጥርስ ሳይቈፍር በአሮጌው መንገድ ይሄዳል። እንጨቱም ሳይላላ ለሚቀጥለው መርማሪ ይቈያል።

ከተባለው ሁሉ የሚወጣው ደንብ አጭር ነው። ትራሱ የሚነሣው የያዘው ነገር ከታወቀ፥ ጎማው ሥራውን የሚችል ከሆነና የመመለሻው መንገድ አስቀድሞ ከታሰበ ብቻ ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ፥ መለኪያውንና ፎቶግራፉን ይዞ ጠመንጃውን እንዳለ ማቈየት ይሻላል።